«ያዝ» እና «ይያዙት»

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከስፌት ክፍል

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ሰነበትክ? ከአደጋው ወዲህ የሄድክበት አገር ብርድ ነው ይላሉ። ያን ወፍራም ሹራብ ሻንጣ ውስጥ አስተኝተህ አንተ እንዳትንቀጠቀጥ። እኛ ደህና ነን። እኅትህ «ስልክ አያነሳም» ስትለኝ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤ መሃል ላይ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

አውሮፕላንህን፣ ሙሽሪትን፣ መጠገን ጀምረዋል። ያ ፒንሳ የምንለው መካኒክ «ዘንድሮ ደግማ ትዳራለች» እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን የመጀመሪያዋን ማሠልጠኛ አውሮፕላናችንን እግሯ ተሰብሮ በጎኗ ተጋድማ ካየኋት ወዲህ ሳቅ አልመጣልኝም። የወንበሮቹን ትራስ እንደገና ስፊ ተብዬ ትናንት ወጣሁባት፤ ከፊት ያንተን፣ ከኋላ አብረውህ የሚበሩትን የሻለቃውን።

እሱን እየለካሁ ሳለ ዋናው መሐንዲስ የሬዲዮ ሠራተኞቹን ከሥር ሰብስቦ የአደጋው ቀን የተቀዳውን ድምፃችሁን አሰማቸው። «ያዙት» ትላለህ። ሻለቃው «ያዝኩት» ይላሉ። ከዚያ ጩኸት ነው።

መሐንዲሱ አስረዳቸው። አንተ ያልከው «ይያዙት» ነው፤ ሬዲዮው የፊቷን «ይ» ዋጣት። ሻለቃው ለካ ያኔ የመስታወት ክዳኑ መቀርቀሪያ ሲንቀጠቀጥባቸው እሱን ጨብጠው ነበር። «ያዙት ወይ?» ብለህ ስለ መቀርቀሪያው የጠየቅካቸው መሰላቸው። አንተ መሪውን ያዙልኝ ብለህ ለቀቅክ። መሬቱ ቅርብ ነበር፤ መሪውን የያዘ ሰው አልነበረም።

«ደንቡ ‹ያዝ› ነው» አለ መሐንዲሱ። «አለቃም ይሁን ተማሪ፣ ‹ያዝ›፣ ‹ያዝኩ›፣ አለቀ። ይሄ ልጅ ደንቡን ለምን እንደለወጠ አደጋውን የሚመረምረው ኮሚቴ ሲጠይቀው ‹ዘነጋሁ› አለ። ዘንጊ ደግሞ አያበርም።»

መርፌው ጣቴ ላይ ተሰካ፤ አላወቅኩትም።

አንተ መች ዘነጋህ ልጄ? ሙሽሪት ገና ሳትበር፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ ስትለማመዱ፣ በዕድሜ አባት የሚሆኑህን ሻለቃ «ያዝ!» ስትላቸው ሰማሁ። መሰላሉን ወጥቼ በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት ጆሮህን ቆነጠጥኩ። «ታላቅህን ነው ያዝ የምትለው? አሳዳጊ የበደለው ልትባል ነው?» አልኩህ። ያ ሁሉ ወንድ በሳቅ ፈረሰ። አንተ ጆሮህ እንደቀላ «እሺ እማዬ» አልክ። እኔም ልጅ ቀጣሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። ደንብ ይሁን ብልግና፣ ምነው መጀመሪያ ብጠይቅ።

ይሄ ሳያንሰኝ፣ ከአደጋው በኋላ ሰው ሲያማህ እኔም «ድሮም ፈዛዛ ነው» ብዬ አብሬ አማሁህ። አንተ የእኔን ገመና ስትሸፍን እኔ ያንተን አደባባይ አወጣሁት። ይኸው ከትናንት ጀምሮ መስታወት ማየት አስጠልቶኛል።

ዛሬ ሻለቃው በክራንች እያዘገሙ ትራሳቸውን ሊሞክሩ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔም እኮ ማረም ነበረብኝ፣ እኅቴ። ልጅሽ አንቱ ሲለኝ ደስ አለኝና አለፍኩት» አሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንገታችንን ደፍተን ጨርቁን አየን።

ኮሚቴው ሰኞ ሳምንት ነው ውሳኔውን የሚሰጠው። እሳቸው የራሳቸውን ሊናገሩ ነው፤ እኔም በር ላይ እቆማለሁ፣ ካስገቡኝ እገባለሁ። ግን የኮሚቴው ሰዎች ከአንተ አፍ ካልሰማን አይሆንም ብለዋል። ስለዚህ ና። ማን አሳሳተህ ሲሉህ «እናቴ» በል። ይሳቁ፤ ያኔም ስቀዋል። አንተ አትፈር፣ ማፈሩን ለእኔ ተወው።

መሬትም ላይ ሁን አየር ላይ፣ ፈጣሪ ከእጁ አይልቀቅህ።

እናትህ