ኮምፒውተሩን ማን ሠራው

እሑድ 12/11፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም እምቢ አለ። ይኸው ደብተሬ፣ ሦስተኛ ሳምንታችን። ኮምፒውተሩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። ልጄ ደሳለኝ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ ገጣጠመው። ሲስተሙን ሳይጭንበት በመኪና አደጋ ሞተብኝ። አራት ወሩ። እህቱ ሲጋል የመጫኛ ሲዲውን ስትከትበት ሃርድ ዲስክ የለም ይላል። እንዴት የለም? እያየሁት ነው ያስገባው!

ሰኞ 13/11

ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ አሥራ አንደኛው ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ሱቅ። ሳጥኑን በአውቶቡስ፣ ጭኔ ላይ። ባለሱቁ ከፍቶ አየው። ሲዲው የድሮ ነው፣ ሃርድ ዲስኩ አዲስ ዓይነት፣ አይተዋወቁም አለ። ለዚህ ኮምፒውተር የሚሆን ሌላ ሲዲ ያዘጋጃል፤ የሚያስተዋውቃቸውን ፕሮግራም ይጨምርበታል፣ የአማርኛ ፊደልም አብሮ። ፊደሉ የደሳለኝ ሐሳብ ነበር። ደብተሩን ጥለሽ እዚህ ላይ ትጽፊያለሽ ይለኝ ነበር። አልጥልህም ደብተሬ፣ አትፍራ።

ሽቦውን እንዲህ አሳምሮ ያሰረው ማነው ብሎ ጠየቀ። ልጄ አልኩት። ጎበዝ ነው አለ። "ነው" አለ። አላረምኩትም፤ ሳጥኑን አቅፌ ወጣሁ።

ረቡዕ 15/11

ተጫነ! ከሱቁ የመጣው አዲሱ ሲዲ የሚጠየቀውን ሁሉ ራሱ እየመለሰ ጨረሰ። ሲጋል "ሀ" ብላ ጻፈች፣ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አለቀስኩ። ደስም አለኝ።

ከዚያ ሲጋል ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ከፈተች። ሠሪ ይላል። ፊት ለፊቱ የሱቁ ስም። ከነሽኩናው፣ ከነስልኩ፣ ከነአርማው።

ደሜ ፈላ። ለሲዲው አመሰግነዋለሁ፣ እጁ ይባረክ። ግን ኮምፒውተሩን እሱ ነው የሠራው? ልጄ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ እሱ የት ነበር?

ሐሙስ 16/11

ከሥራ አስፈቅጄ ብቻዬን ሄድኩ። ባለሱቁ ሳቀ። የማዘጋጀው ሲዲ ሁሉ ላይ አደርገዋለሁ፣ ልማድ ነው ግቨሬት፣ እመቤቴ ማለቱ ነው፣ እዚያ ገጽ ማንም አይገባም አለኝ።

"ማንም የማያየው ከሆነ ለምን ጻፍከው?"

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። አንዲት ሴትዮ እውነቷን ነው አለችው። ፊቱ ቀላ። ልጄ መሞቱን ያን ጊዜ ነገርኩት። አቀረቀረ። ሲዲውን እንደገና አዘጋጃለሁ፣ ስሙን በወረቀት ጻፊልኝ፣ ያለው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው አለ። ዕብራይስጥ ስጽፍ እቆያለሁ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እንዲያየኝ አልፈለግኩም። ጽፌ አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሲጋል "ኤራን" ተብሎ ይጻፍ ትላለች። ኤራን! የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ የለጠፈችበት ስም። ደሳለኝ ማለት ከበዳትና ልጄን በአንድ ቀን ሌላ አደረገችው፤ የጠየቀኝ የለም። ጓደኞቹ ደሳለኝን አያውቁም ትላለች። እኔ አውቀዋለሁ! "ማ ኢክፓት ላኽ" አለችኝ፣ ምን ገደደሽ። ለእናቱ! በሩን ዘጋችብኝ።

ዓርብ 17/11፣ ሰንበት ሳይገባ

ደሳለኝ በዕብራይስጥ እንዴት እንደሚጻፍ ልገለብጥ የሱን ደብተር ከፈትኩ። የዕቃ ዝርዝር፣ የሽቦ ሥዕል። በየገጹ አናት ስሙ። ኤራን። ኤራን። ኤራን። በገዛ እጁ። አገላበጥኩት፣ አንድም ደሳለኝ የለም።

ቁጭ አልኩ። ሙት ላይ ይቆጣሉ? እኔ ተቆጣሁ። ስጠራው "አቤት እማዬ" አይለኝም ነበር?

ይለኝ ነበር። ጓደኞቹ ከታች ኤራን ብለው ሲጮሁም በመስኮት ብቅ ይል ነበር። በሁለቱም ይመጣ ነበር።

ሲጋልን ጠራኋት። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብኩላት፣ የሷን ጻፈች። የኔን ከጎኑ ጻፍኩ፣ ቀስ ብዬ። የዕብራይስጡ ደ ሲጣመምብኝ እጄን ይዛ መራችኝ።

እሑድ ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ። ደሳለኝ ኤራን። ለሁለት ስም አንድ መስመር አይበቃም ካለኝ፣ ለሱቅህ ስም ከነሽኩናው ከነስልኩ እንዴት በቃ እለዋለሁ።