ከሃያ አሥራ አንድ ያገኘው ደብዳቤ

ሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ይድረስ ለምወድሽና አሁን ደግሞ ለተናደድኩብሽ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደከረምሽ ባውቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አራት ወር ሙሉ ስልኬን አታነሺም። እናትሽ ስትደውል ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለሽ ጆሮዋ ላይ ትዘጊባታለሽ። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድም ተማሪ እንዲህ ንቆኝ አያውቅም። ንዴቴ ግን ላንቺ ብቻ አይደለም፤ ለሁላችንም ይዳረሳል።

በየወሩ አንድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ፣ አርሜ እመልስልሻለሁ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጀምሮ ያላቋረጥነው ልማዳችን ነው። የጥቅምቱም እንደ ሌላው ጊዜ መስሎኝ ቀይ እስክርቢቶዬን አነሳሁ። «ሂ ጎስትድ ሚ» የሚለውን ሰረዝኩና «ወሬውን ተዪና በወግ ጻፊ» አልኩ። «ኖ ካፕ» ጎን «ቆብ እዚህ ምን አገባው?» ብዬ ጻፍኩ። «አይም ኩክድ» ከሚለው ጎን ደግሞ፣ አፍሬ ነው የምነግርሽ፣ «የሚበስለው ምግብ ነው» አልኩ። ከሃያ አሥራ አንድ ሰጥቼ፣ ፎቶኮፒውን ለራሴ አስቀርቼ፣ በፖስታ መለስኩልሽ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ ፎቶኮፒውን ከመሳቢያዬ አገኘችው።

«ምን ትላለች?» አለችኝ።

«የአራዳ እንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉም የለውም» አልኳት።

«ትርጉም የሌለው ነገር ሦስት ገጽ አይጻፍም! ተነስና ሄደህ ፈልግ!»

ሄድኩ። ሦስት ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ተጋፍቼ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። «ጎስት» ያው መንፈስ ነው። ወጣቶቹ በስልክ ሲጻጻፉ ቆይቶ ያለ አንድ ቃል እልም ለሚል ሰው አዋሉት፤ እኛ የውሃ ሽታ ሆነ የምንለው ማለት ነው። ያ ሞላጫ እጮኛሽ! ቀለበት አስሮልሽ እልም! «ካፕ» ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ጉራንና ማጋነንን ሲጠሩበት ከኖሩት ቃል የመጣ ነው። ለካ «አባዬ፣ አላጋነንኩም» እያልሽኝ ነበር። «ኩክድ» አለቀልኝ ማለት ነው። ልጄ አለቀልኝ ብላ ጻፈችልኝ፤ እኔ ስለ ማብሰል አስተማርኳት።

መጨረሻ ላይ «ዶንት ቢ ሶልቲ» ብለሻል። ጨዋማ አትሁን፣ አትቆጣ፣ አታኩርፍ ማለት ነው አሉ። ከመርከበኞች ግልፍተኝነት የመጣ ነው የሚሉም አሉ። እንዴት አልቆጣ? በዚያ ከሃዲ ተቆጥቻለሁ። «አባዬ ድረስልኝ» ማለት ምን ገደደሽ ብዬ ባንቺም ተቆጥቻለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ በጠራ ቋንቋ ብታለቅሺልኝም ነጠላ ሰረዝ ስፈልግ እውል ነበር። ትናንት ያንን እስክርቢቶ ለሁለት ሰብሬዋለሁ። ቀለሙ ከጣቶቼ አልለቅ ብሎ እናትሽ በሳሙና ስትፈትገኝ አመሸች።

ያን ደብዳቤ ቀደሽ ጥለሽው ከሆነ ደግ አደረግሽ። ካለሽ ግን ሦስተኛውን ገጽ አውጪው። ከግርጌው፣ «ከሃያ አሥራ አንድ» ካልኩበት አጠገብ፣ ሳልጽፈው የቀረሁት አንድ ቃል አለ።

ነይ።

እናትሽ ከኋላዬ ቆማለች። «ይበቃል» ትለኛለች፤ «ሌላ ነገር ጨምረህ አታበላሸው፤ ፖስታውን ዝጋው።»

ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ ደግ ሰው አጠገብሽ ያቁምልሽ።

አባትሽ