አጥሩን አፉ ያለው የለም

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ

ዛሬም ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልክ። ማስታወሻዬ፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ሊቀ መንበርነት ያሸከመኝን ሰው ባገኘው! የደወለችው ወ/ሮ ሐዋ ናት። ትናንት እናቷን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ባጃጅ ብትጠራ ቅያሱ ውስጥ አልገባ አለ። አሮጊቷን በብርድ ልብስ ተሸክመው አወጧቸው። በየሳምንቱ መመላለስ አለባቸው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። አያ ሰይድ፣ የኮሚቴያችን አባል፣ ክረምት ላይ የቆርቆሮ አጥሩን ወደ ቅያሱ ገፍቶታል። መንገዱን እንዲጠብቅ የመረጥነው እሱን ነበር እኮ! የባለቤቴ የዘይነባ አጎት መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከት/ቤት መልስ ሄጄ አየሁት። የድሮው የድንበር ችካል ከአጥሩ ወዲያ፣ ግቢው ውስጥ፣ የሎሚ ችግኙ አጠገብ ቆሟል። መካድ አይቻልም። ሰይድን ብጠይቀው ሳቀ። ዘመድ አይደለህ እንዴ፣ ምን አስቸኮለህ፣ ግባና ሻይ ጠጣ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ጠጣሁ።

ጎረቤቶቹን አናገርኩ። ሁሉም ያማዋል፣ የሚመሰክር ግን የለም። ስሜን እንዳታነሳ፣ አደራህን! ለቅዳሜ ጠ/ጉባኤ ጠርቻለሁ። እዚያ ይናገሩ ይሆናል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከመግሪብ በኋላ

ቀደመን! ከጁምዓ በኋላ ሰይድ ሰፈሩን በሙሉ ቤቱ ጠራ። ከሰንበቴ ገበያ ያስመጣው ሙክት ታርዷል፣ ጫት ቀርቧል፣ ሼኩ ተቀምጠዋል። ያስቀየምኳችሁ ነገር ካለ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለ። ምን እንዳደረገ ትንፍሽ አላለም። የጠየቀም የለም። እዚህ አገር አፉ በሉኝ ያለን ሰው በምን ምክንያት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አፉ ብለናል ተባለ። ሼኩ ዱዓ አደረጉ። እጅ ሁሉ ተዘረጋ፣ የእኔም ጭምር። አሚን አልኩ። ወይኔ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ክሱን አነበብኩ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ተነሳ፦ ትናንት አፉ ተባብለን፣ ዱዓ የተደረገበትን ነገር ዛሬ መቀስቀስ ምን ይሉታል? ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ የተበደለ መስሎ።

ሐዋ ቆመች። "እኔም አፉ ብዬዋለሁ፣ ወላሂ ቂም የለኝም። እናቴን ግን በየት ላውጣት?"

ጉባኤው ተበተነ። የበላነው ሥጋ ገና ከጥርሳችን አልወጣ፣ ማን ይናገር!

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሼኩ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሳጫውታቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። "እኔ ለሰውየው ነው ዱዓ ያደረግሁት። የምን አጥር ነው? ማን ነገረኝ?"

ማንም አልነገራቸውም! ያ ሁሉ ሰው ከቧቸው ተቀምጦ! ቂም አፉ ሲባል ይወርዳል፣ የመንገደኛ ሐቅ ግን እስኪመለስ ድረስ ሐቅ ነው አሉ። ስወጣ መልሰው ጠሩኝ። አንተስ እዚያው ነበርክ፣ ለምን ዝም አልክ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ማታ

ማስታወቂያውን ጻፍኩ። ጠ/ጉባኤ፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ። ቦታ፦ ቅያሱ ውስጥ፣ አጥሩ ሥር። ወንበር የለም፣ ግብዣ የለም። ሼኩ እመጣለሁ ብለዋል። አጥሩ መቼ እንደሚነሳ ሰይድ በሁሉም ፊት ይናገራል፤ አላነሳም ካለም ከኮሚቴው ይወርዳል።

ዘይነባ አነበበችው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት ሰይድ ነው። ለእኔም የዳራት እሱ ነው። እሱን ሰው ፊት ካቆምክ እዚህ ቤት አላድርም አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ፈራሁ፣ ማስታወሻዬ፣ በጣም ፈራሁ። ወረቀቱን አጠፍኩት፣ መልሼ ዘረጋሁት፣ እንደገና አጠፍኩት። ለሷ ስል ልተወው? ከዚያ ሐዋን በመንገድ ሳገኛት ምን እላታለሁ?

ጓዳ ውስጥ ሻንጣ ስታወርድ ይሰማኛል። ወረቀቱንና ሙጫውን ይዤ እየወጣሁ ነው።