ያለ ፕሪአምፕ የሚሰማ ሰው

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከቀኑ 7፡20። ካምፓላ፣ ካባላጋላ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ምሳ ላይ።

«ፕሪአምፕ የሌለው ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው» ተባለ። ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ። ወሬው ስለ ቤት ሙዚቃ መሣሪያ ነው። የተናጋሪው ድምፅ ወፍራም፣ ጥርጥር ያልጎበኘው። ዞሬ አላየሁትም። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገርን ሰው ፊቱን ማየት አይበጅም፤ እምነት ያጎድላል።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ እኔ ፕሪአምፕ የለኝም። እንግዲያው ግማሹን ነው የምሰማው። ነገሩ ይኸው ነው! ከሰኔ ወዲህ አብሮኝ የከረመው ፍርሃት ስም ወጣለት፤ ስሙም የዕቃ ስም። ዕቃ ከሆነ ይገኛል። ሽሮዬን ጠራርጌ በላሁ።

ፍርሃቱን እዚህ አልጽፈውም ብዬ ነበር። ልጻፈው። የሰው ንግግር ጫፍ ጫፉ እየጠፋብኝ ነው። ወፍራሙ ይደርሳል፤ ሰ እና ፈ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሴት ወይም ልጅ ሲናገር ይብሳል። ሥራዬ ደግሞ ማስተርጎም ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። የመኖሪያ ወረቀት የሚጠይቁ ወገኖች ቃላቸውን በሚሰጡበት ቢሮ፣ በባለጉዳይና በቢሮው ጠያቂ መሃል እቀመጣለሁ። ዓይኔ ቢደክም መነጽር አለ። ጆሮዬ ቢደክም ወንበሩም የለም።

ቤት ያለው፦ ስልክ፤ ከስልኩ ተቀብላ ወደ ድምፅ የምትለውጥ ትንሽ ሳጥን፤ ከእሷ በቀጥታ ተቀብሎ ጉልበት የሚሰጥ ማጉያ፤ ከዚያ ሁለት ስፒከር። ድምፁን ከፍ ዝቅ የማደርገው በትንሿ ሳጥን ነው። በእሷና በማጉያው መሃል ፕሪአምፕ (ባጭሩ ፕ/አምፕ) የሚባል ሌላ ዕቃ መግባት ነበረበት ማለት ነው። የጎደለው እዚያ ጋ ነው። እኔ ጋ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ጠዋት 1፡15። ንቲንዳ፣ ቤት።

መብራት የለም። ሰፈሩ ሁሉ አለው፤ እኛ ብቻ። ጽጌ፣ ባለቤቴ፣ ሻይ ያልፈላበትን ማፍያ ይዛ ትቆጣለች። ቀድሞ የሚሞላው የመብራት ቆጣሪ ሙሉኝ እያለ ከትናንት ጀምሮ ሲጮኽ ነበር፤ አንተ አጠገቡ ተቀምጠሃል፣ ትሞላዋለህ ብዬ ተውኩት ትላለች።

እኔ ጨዋ ቆጣሪ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እያነበብኩ ነበር አልኳት። ማንበብ ለብዙ ነገር ይጠቅማል።

ቆጣሪን ከፕ/አምፕ ጋር የሚያገናኝ ሽቦ የለም። ይህን ሐሳብ ግማሽ መንገድ ላይ ተውኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከሰዓት 10፡30። ኦልድ ካምፓላ፣ ቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ስጠብቅ።

ከሐጅ ሰዒድ ሱቅ ወጣሁ። የደሴ ሰው ነው። ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል ባለው መንገድ፣ ለመስጊዱም ለቤተ ክርስቲያኑም ማይክና ማጉያ ያቀርባል። ሁለቱም ወገን ድምፃችን ከጎረቤታችን አነሰ ብለው ይከሱታል።

ፕ/አምፕ እፈልጋለሁ አልኩት። ምን ምን እንዳለኝ አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ። አያስፈልግህም አለ። «መላኩ ወንድሜ፣ ፕሪአምፕ በር ጠባቂ ነው። የሚመጣብህ እንግዳ አንድ ብቻ ከሆነ በር ጠባቂ ምን ይሠራልሃል?» ሸክላ ማጫወቻ ቢኖርህ ድምፁ ደካማ ስለሆነ የሚያነሳው ያሻዋል አለ። ሸክላም፣ ቴሌቪዥንም፣ ሌላም ቢኖርህ አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚመልስ ያሻሃል። የአንተዋ ሳጥን ግን በቂ ጉልበት ይዛ ነው የምትወጣው፤ መቆጣጠሪያም አላት። ሌላ መጨመር ጨው ባለው ወጥ ላይ ጨው ነው። አንዳንዱ ሰው ጨው ይወዳል፤ እሱን አልከለክልም።

ማስታወሻዬ፣ ነጋዴ አያስፈልግህም ሲል ሐኪም ወደ ቤት ውሰዱት እንዳለ ነው።  ለመንኩት። ከመደርደሪያ አንዱን አወረደ፤ ወስደህ ሞክር፣ ካልጣመህ መልስ አለ። ምን ጎደለብህ ግን? ጥራቱ አልኩ፤ ጫፍ ጫፉ፤ ሰ እና ፈ። በየትኛው ዘፈን? በሁሉም አልኩ።

«በሁሉም?» አለና ገመድ ለመጠቅለል ዞረ። አዟዟሩ አላማረኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት 8፡50። ቤት።

ሙከራ። በሳይንስ ነው የሄድኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ጽጌ ከኋላዬ ፕ/አምፑን አንዴ ታስገባለች፣ አንዴ ታወጣለች፤ እኔ «አለ»፣ «የለም» እላለሁ፤ እሷ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ከአሥር አምስት አገኘሁ። ሳንቲም ቢወረወርም ከዚህ አያንስም።

ጽጌ ተራዬን ስጠኝ አለች። ፊቷን እንኳ አላዞረችም። ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት እየከተፈች «አለ! የለም! አሁንም የለም! አለ!» አሥሩንም አገኘች።

እንዴት? ቀላል ነው አለች። ይሄ ሳጥንህ ሲገባ ሽሽሽ ይላል፤ ሙዚቃው ገና ሳይጀምር። «እባብ ነው እንዴ ያመጣህልኝ? መልስልኝ፣ በልጆቼ!»

ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩ። ፀጥ ያለ ነው። የሚያምር ፀጥታ። ሌላውን ጆሮዬን ለጠፍኩ። ያው። ጽጌ ቢላዋውን ይዛ ከበሩ ላይ ታየኛለች። አሁን ይላል? አልኳት። ይላል አለች። አሁንስ? ይላል፣ መላኩ።

ዝናቡ ይሆናል አልኩ። በመስኮት አየች። ፀሐይ ነው። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። ብትቀልድ ይሻለኝ ነበር። ዕቃው ጨው መጨመሩ ተረጋግጧል፤ የማልቀምሰው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከሰዓት 10፡15። ቢሮ፣ ባዶው ክፍል።

 ቶሎ ልጻፈው።

ዛሬ ቃል የሰጠችው ሴት ስሟ እዚህ አይጻፍም። ወ/ሮ ሀ ትባል። ወጣት ናት። ሻርፕ እስከ አገጯ። ድምፅዋ ቀጭን፣ ወደ ራሷ የምታወራ ይመስላል። ጠያቂዋ ማዳም ግሬስ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከንፈሯን እያየሁ፣ ወደ ፊት እየተንጠራራሁ፣ እንደምንም ተከተልኳት። መጨረሻ ላይ የተለመደው ጥያቄ መጣ፦ የምትጨምሪው ነገር አለ?

ወ/ሮ ሀ አንገቷን ደፋች። ሻርፗ ከንፈሯን ጋረደው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ርዝመቱን በትከሻዋ አየሁት። ግማሹን ሰማሁ ብል መልካም ነበር። ምንም አልሰማሁም። ምንም።

የማዳም ግሬስ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ይጠብቃሉ። «ይድገሙልኝ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን ቃል ባለመናገር ነው ስም ያወጣሁት፤ መላኩ አያስደግምም ይባላል። አፌ ተከፈተ። ባማረ እንግሊዝኛ «የምትጨምረው የለም» አልኩ። ማዳም ግሬስ ጻፈች። ወ/ሮ ሀ የማታነበውን ወረቀት ፈረመች። ስትወጣ አየችኝ። አስተያየቷን መተርጎም አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ከቀኑ 7፡00። መንገድ ዳር።

ካባላጋላ አልሄድኩም። ወ/ሮ ሀ እዚያ ብትኖርስ? አስተርጓሚ ከቢሮ ውጭ ባለጉዳይ ማነጋገር ክልክል ነው፤ ደንቡን እንደዛሬ ወድጄው አላውቅም። በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን፣ ቆሜ በላሁ። 

ምን ብላ ይሆን? ልጅ ትቼ መጥቻለሁ ብላስ? የሚከታተለኝ ሰው እዚሁ ከተማ አለ ብላስ? ቅድም የተናገርኩት ስህተት ነው፣ ይታረምልኝ ብላስ? ያልሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ከትናንት ጀምሮ እየተራባ ነው። እያንዳንዱን «የምትጨምረው የለም» ብዬ ዘግቼበታለሁ።

ጠዋት ኢንተርኔት ላይ ስለ ፕ/አምፕ አነበብኩ። ሰዎች ይዘላለፋሉ። አንዱ ከሁሉ የሚሻለው ፕሪአምፕ የሌለው ነው ይላል፤ ሌላው ያለ እሱ ሙዚቃው ሥጋ የለውም ይላል። ስድብ በስድብ ሆነው ስድስት ገጽ። ስለ አድማጩ ጆሮ አንድም መስመር የለም። ስድስቱንም ገጽ የጨረስኩት ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ። ሌላውን ላለማሰብ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ረፋድ 5፡10። ንቲንዳ፣ ክሊኒክ።

ጽጌ ናት ይዛኝ የመጣችው። እጄን ይዛ፣ እንደሚሸሽ በግ። ለጆሮ ምርመራ እንደ ቁም ሳጥን ያለ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን አሉኝ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ረጅም ፀጥታ። አልቋል ብዬ ቀና ስል፣ ከመስታወቱ ማዶ ያለችው ነርስ እየሠራች ነው። ድምፅ እየላከችልኝ ነው። ፍርሃት ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ካለ ያቺን ነርስ አሳየዋለሁ።

ዶክተሩ የምርመራውን ውጤት በመስመር ተስሎ አሳየኝ። በስተግራ ሜዳ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ይሰማል። በስተቀኝ ገደል፤ ቀጭኑ ይጠፋል። ሁለቱም ጆሮ። አይመለስም አለ፣ ግን በመስሚያ መሣሪያ ይደገፋል። መሣሪያው ድምፅ ይቀበላል፣ ያጎላል፣ ጆሮ ውስጥ ይለቃል።

ለብቻው ፕሪአምፕ ያስፈልገዋል? አልኩት።

ሳቀ። ሁሉም እዚያችው ውስጥ ነው፣ ለብቻ አያስፈልግም አለ። ጥያቄዬ በዚህ ተመለሰ።

መሥራት እችላለሁ? ሰው ፊት ለፊት ካናገረህና ካልሰማህ ካስደገምክ ትችላለህ አለ። ካስደገምክ። ጽጌ ጭኔን ቆነጠጠች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። ከሰዓት 11፡00። ኦልድ ካምፓላ።

ፕ/አምፑን መለስኩ። ጣመህ? አለኝ ሐጅ ሰዒድ።

«ሽሽ ይላል።»

«አዎ፣ ትንሽ ይላል። ሰማኸው?»

«ጽጌ ሰማችው።»

 በርጩማ አቀረበልኝ። የሴትዮዋን ስም ሳልጠራ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ቢሮህ ያውቃል? አለ። አያውቅም። ካወቀ እኔ የለሁም፤ ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም አልኩ። ምክር የሚሰጥ መስሎኝ ጠበቅሁ። ደንበኛ መጣበት፣ ለአንድ ቸርች ማይክ ሸጠ፣ ተመለሰ።

«የሰው አማና፣ የሰው አደራ ነው የያዝከው፣ መላኩ። ካልሰማኸው አልሰማሁም ብለህ ትመልሰዋለህ። ሰማሁ ብለህ አትበላውም።» ከዚያ ወዲያ ስለ ገመድ ነው ያወራው።

ታክሲ ውስጥ ለማዳም ግሬስ የምሰጠውን ደብዳቤ በልቤ ጻፍኩት። አራት ጊዜ ቀደድኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ጠዋት 3፡05። ቢሮ።

ለማዳም ግሬስ ነገርኳት። ማታ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ በአፌ ነው። ያን ዕለት የመጨረሻውን መልስ አልሰማሁም፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ማዳም ግሬስ መነጽሯን አወለቀች። ጥሩ ሴት ናት፤ አልጮኸችም። ብትጮኽም እንደ እኔ ላለው ደህና ነበር።

ሌላስ አለ ወይ? አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ከሰኔ ወዲህ ስንት ሰው? አላውቅም። አላውቅም ማለት እንደዚህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። እሱንም ጻፈችው።

መስሚያው እስኪመጣና ውሳኔ እስኪሰጥ ከአስተርጓሚዎች ዝርዝር ወጥቻለሁ። የወ/ሮ ሀ ቃል ሐሙስ በሌላ አስተርጓሚ ይደገማል። ከሰኔ ጀምሮ ያሉት ፋይሎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ወደ ሊፍቱ አመራሁ። አንድ የጥበቃ ሰው አንድ ነገር አለኝ። «ይድገሙልኝ» አልኩት። ደገመልኝ። ሊፍቱ አይሠራም ነው ያለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28። ረፋድ 4፡40። ቤት።

ማዳም ግሬስ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግነው፤ ጽጌ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱን ትደግምልኛለች። 

የወ/ሮ ሀ ቃል ትናንት ተደግሟል። ከፊተኛው የተለወጠ ነገር የለም። የሌሎቹ ፋይሎች ምርመራ ገና ነው። የመጨረሻዋንም ዓረፍተ ነገር ለይተው ጠይቀዋታል፤ ታስታውሳለች። ያን ዕለት አንገቷን ደፍታ የጠየቀችው፣ ጮክ ብላ መናገር ይፈቀድላት እንደሆነ ነበር።