የእማዬ አሥራ አንድ ቀን

ሚጣዬ፣

የሆቴሉን አንሶላ ላደርስ ወጥቻለሁ። የላውንደሪያችን የሒሳብ ማጠቃለያ፣ የተስተካከለው የሙከራ ሚዛን፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለሒሳብ ባለሙያው ስጪው።

ሳሙናውን ቆጥሬ ያለቀውን ወጪ አድርጌዋለሁ። ቀድመን ከከፈልነው የስድስት ወር ኪራይ የሁለቱን ወር ቀንሻለሁ። የማሽኑ የእርጅና ቅናሽም ተይዟል።

የእማዬን ያልተከፈለ የአሥራ አንድ ቀን ደመወዝ ደግሞ ተከፋይ ዕዳ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ትናንት «ለሞተ ሰው ደመወዝ ይጻፋል እንዴ? ተዪው እንጂ» አልሽኝ። የመለስኩልሽን እዚህ አልደግመውም። አፌ ቀደመኝ፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ቆማ ልብስ ስትተኩስ ነበር። ካልጻፍኩት ያልሠራች ይመስላል።

ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ እሷን ሳላስገባ ስደምረው የሒሳቡ ሁለቱም ጎን እኩል መጣ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ምንም የጎደለ አይመስልም ነበር።

አንድ ሥራ ቀርቷል። ደንበኛችን መምህሩ ለሰባት ሸሚዝ ቀድሞ ከፍሎናል፤ ስድስቱ ተሰቅለዋል። ሰባተኛው እማዬ እንደተወችው መተኮሻው ላይ ነው፤ ግራ እጅጌው አልተተኮሰም። ስለዚህ የሸሚዙን ዋጋ ገና ገቢ አላደረግኩትም። ብዙ ታግሶናል፤ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሊወስዳቸው ይመጣል።

እኔ ካውያውን ሁለት ጊዜ አሙቄ መልሼ ነቀልኩት።

አንቺ ጨርሺው።

ቀኙን እጅጌ ግን አትድገሚው።