ከወንዙ ማዶ ያለው ሰሌዳ

ጥር 6
እንደወትሮው ሊነጋጋ ሲል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ፓነሎቹን ማጠብ ጀመርን። ፀሐይ ሳትበረታ መጨረስ አለብን። መስታወቱ አንዴ ከጋለ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

በራችን ላይ ያለው ትልቅ ሰሌዳ በየሰዓቱ ስንት ኤሌክትሪክ እንዳመነጨን ያሳያል። ከወንዙ ማዶም የነፋስ ማመንጫው ሰሌዳ አለ። የኛን ማመንጫ የተከለው አንድ ሀብታም አገር ነው፣ የነሱን ተቀናቃኙ። ሰሌዳዎቹን ፊት ለፊት ያቆሙት እንድንተያይ ነው መቼም! ዛሬም በለጡን።

ታናሽ እህቴ እዚያ ቴክኒሻን ናት። እኔ እዚህ አጣቢ። ሌላ ምን ልበል...

ጥር 9
እማዬ ደወለች። "እህትሽ እኮ የቡድን መሪ ልትሆን ነው!"
"ደስ ይላል" አልኩ። ደስ አላለኝም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት እሷ እንድትማር አልነበር? ይህን ማን ያነሳዋል...

ጥር 15
ቀኑን ሙሉ ነፋስ። ለነሱ ሲሳይ፣ ለኛ አቧራ። የሷ ወገን ይመስል ነፋሱን ሰደብኩት። ላብድ ነው እንዴ?

ጥር 20
አለቃችን ሰበሰበን። ባለሀብቶች ከውጭ ሊመጡ ነው። ሁለቱንም አይተው አንዱን ብቻ ያስፋፋሉ።
"ያልተመረጠው ሠራተኛ ይቀንሳል። ከአጣቢ ነው የሚጀመረው" አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ከሰዓት እህቴ ደወለች። "እታለም፣ የመጣው ቢመጣ እኛ እንዳንቀያየም።"
ማሸነፏን እርግጠኛ ባትሆን እንዲህ ትል ነበር? "እሺ" ብዬ ዘጋሁት።

ጥር 28
እንግዶቹ የሚመጡት ዛሬ ነበር።

ጠዋት እየመራን ነበር። ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሳና አቧራ አለበሰን። የነሱ ቁጥር ሽቅብ፣ የኛ ቁልቁል። እንግዶቹ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። ልትፎክርብኝ መሰለኝ፣ አላነሳሁም።

የውሃውን ጎማ ጎትቼ በእኩለ ቀን የፊተኛውን ረድፍ ማጠብ ጀመርኩ። ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው! ቅናት ዓይኔን ጋርዶት እንጂ...

ቋ... ቋ... አለ። ረድፉ በሙሉ ተሰነጣጠቀ። እንግዶቹ በዚያው በር ገቡ። ያን ጊዜ ነፋሱ ቆሞ ነበር።

አመሻሽ ላይ መልእክቷን አነበብኩት። "እታለም፣ ትንበያውን አየሁት፣ ነፋሱ ሊቆም ነው። ዛሬ የናንተ ቀን ነው። እንኳን ደስ ያለሽ።"

ጥር 29
አልደወልኩላትም። ምን ብዬ?

መጋቢት 11
ማዶ የነበረው አሁን የኔም መሥሪያ ቤት ነው። እነሱ ተመረጡ፣ እኔ ተቀነስኩ፣ እህቴ አለቃዋን ለምና ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባችኝ። ለካ እነዚያ እንግዶች በሁለቱም ኩባንያ ድርሻ አላቸው። የትኛውም ቢያሸንፍ ትርፉ የነሱ ነው። የተፋጀነው እኛ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከእህቴ ጋር ደጅ ተቀመጥን። ነፋስ የለም። ከወንዙ ማዶ የቀድሞ ሰሌዳዬ ከኛው በልጧል። የፊተኛው ረድፍ አዲስ መስታወት ገብቶለት ያብረቀርቃል።

"ምን ታያለሽ?" አለችኝ።
"ምንም።"
ያንን ረድፍ ዛሬ ጠዋት የትኛዋ አጣቢ አጥባው ይሆን? እጇን ባየሁት... ቀናሁባት።