ክላውዱ የዋጣት ጭረት

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ ኢሽፋቅ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ያሳቅቅሃል? የሻርጃ ሙቀት ትንሽ በረድ አለላችሁ? ናሂዳስ ደህና ናት? ኢቅራ የፊት ጥርሷን ነቀለች ሲሉ ሰማሁ፤ ፎቶዋን ላክልኝ ብልህ እስከ ዛሬ ዝም ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ስለገባ እማዬ የፍም ቅርጫቷን ከካባዋ ሥር ታቅፋ ነው የምትውለው። ሳሉ ለቋታል፤ ቁጣዋ ግን እንዳለ ነው።

ደውዬ አታነሳም ብለህ ተቀይመሃል አሉ። ተቀየም። በስልክ ሲሆን አንተ ትጮኻለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ መጨረሻ ላይ አንተ ያልከው ይሆናል። በደብዳቤ ግን አታቋርጠኝም፤ ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ያልከውን ላስታውስህ። የአባዬን የታሊም ወረቀቶች፣ የምንጣፍ ንድፉን የጻፈባቸውን፣ የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሐሙስ ይመጣል፣ ሳጥኑን እንዳለ አስረክቢው አልከኝ። ሁሉም በታብሌቱ ፎቶ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ በሚሉት ውስጥ ተቀምጧል፣ አይጥ የሚበላው ወረቀት ምን ያደርግልሻል አልከኝ። መጀመሪያ ክላውዱ የሚታመን መሆኑን ልፈትን ብልህ በሳቅ ፈረስክ። "ዓለም ሁሉ ያመነውን አንቺ ምንጣፍ ሠሪዋ ልትፈትኚ?" አልክ። አዎ፣ እኔ ምንጣፍ ሠሪዋ! ፈተንኩታ!

የኔ ታብሌት ቢጠፋስ ብዬ የአጎታችንን ልጅ የዙበይዳን ታብሌት ተዋስኩ። በእኛ አካውንትና በእኛ የይለፍ ቃል ገባሁና አውርድ አልኩት። ግማሽ ቀን ፈጀ እንጂ ሁሉም መጣ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ገጽ፣ አንድም ሳይጎድል። ዙበይዳ "በቃ ተገላገልሽ!" ብላ ሳመችኝ። ላንተም ላክሁልህ፣ አንተም "አላልኩሽም?" ብለህ ጻፍክልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አምኜ ነበር።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ታሊም አይታይም፣ ይነበባል። አባዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሆኖ እያንዳንዱን ቋጠሮ፣ ቀለሙንና ቁጥሩን፣ በነዚያ ጥቃቅን ምልክቶች አርባ ዓመት ሙሉ ጽፏል። ፎቶው ስላማረ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ አባባ ሳታርን ጠራኋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአባዬ ጎን ተቀምጠው የሠሩ፣ ከኔ ሌላ የእሱን እጅ ጽሑፍ የሚያነቡ እሳቸው ብቻ ናቸው። ትንሿን መሥሪያ ድር ወጠርንላት፤ እሳቸው እንደ ሙያው ልማድ ከዙበይዳ ታብሌት እያዜሙ ሊያነቡ፣ እኔና ዙበይዳ እየተቀበልን ልንቋጥር። የለውዙን ቅርንጫፍ ንድፍ መረጥኩ፣ አባዬ ከሁሉ ይወደው የነበረውን።

ስምንት መስመር በሰላም ሄድን። ዘጠነኛው ላይ ቅጠሉ ተንጋደደ። አባባ ሳታር መነጽራቸውን አወለቁና "እናንተ ሴቶች፣ የታመመው እጃችሁ ነው ጆሯችሁ?" አሉ። ፈታን፣ እንደገና ቋጠርን። እዚያው ቦታ ላይ ተንጋደደ! ያን ጊዜ ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁ። ከምልክቷ አናት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት አለች፤ ጭረቷ ካለች ሦስት ቋጠሮ ነው፣ ከሌለች ሁለት። ወረቀቱ ላይ አለች። ከክላውድ በመጣው ፎቶ ላይ የለችም። አባባ ሳታር "ጉድ በል ሰፈር! ማሽኑ ጌታዬን፣ አባትሽን፣ አርሞታል!" ብለው ታብሌቱን ከጭናቸው ላይ እንደ ጊንጥ ገፈተሩት። ሌላ ሃያ ገጽ አየን፤ በአሥራ አራቱ ላይ ጭረት ጠፍቷል። በኔ ታብሌት ያለውም ያው ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ዓመት ታብሌቱ "ቦታ ልቆጥብልሽ?" ሲለኝ "እሺ" ብዬ የተጫንኩት እኔው ነኝ። ፎቶዎቹን አሳንሶ ትልልቆቹን አጠፋቸው። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ስከፍታቸው ከላይ ከላይ አይቼ፣ ማሻአላህ ብዬ ዘጋሁ። ስለዚህ ስደበኝ፣ ይገባኛል። ወረቀቱን ግን አልሰጥም።

ባለፈው ሐሙስ ሰውየው መጣ፤ ነጭ ጓንትና ጥሩ ቦርሳ ይዞ። ጨው ያለበትን ሻያችንን አቀረብንለት፣ በአክብሮት ጠጣ። ከዚያ "ወንድምሽ ቃል ሰጥቶኛል" አለ። "ቃሉን የሰጠህ ወንድሜ ነው፣ ወረቀቱን የጻፈው አባቴ ነው" አልኩት። እማዬ ብድግ አለችና ከነፍም ቅርጫቷ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። "ከኔ ጋር ከሆነ ተሸከመው፤ ዋጋዬን ግን ቃል ከሰጠህ ልጄ ጋር ተነጋገር" አለችው። አባባ ሳታር ሳቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ሻዩ ትን አላቸው። ሰውየው ሄደ። የነገረህ ሌላ ነገር ካለ ውሸት ነው።

ክላውዱን ተጣላሁት ማለት አይደለም። ቦታ ቆጥብ የሚለውን አጥፍቼ እያንዳንዱን ገጽ በመስኮት ብርሃን እንደገና እያነሳሁ ነው። ወደ ክላውድ ይሄዳል፣ ሌላ ቅጂ ዙበይዳ ቤት ይቀመጣል። ከዚያ ከሁለቱም መልሰን እያወረድን እናነባለን፣ አንድ ስንዝር እንቋጥራለን፤ ቅጠሉ ቀጥ ካለ ያ ገጽ አለፈ። አባባ ሳታር ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ይፍጅ! ሲያልቅስ ትሰጪያለሽ ወይ ብትለኝ፣ ያን ጊዜም አልሰጥም።

ለናሂዳ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችው የሳል ሽሮፕ ደርሷል። ኢቅራን በጥርሷ ክፍተት በኩል ሳምልኝ። ለሙሲብ አክስትህ ትወድሃለች፣ አጥና ብላሃለች በለው። እማዬ ዱዓ ታደርግልሃለች፤ ተቆጥታም ቢሆን ታደርግልሃለች። አባባ ሳታር ሰላም ብለውሃል። ዙበይዳም እንዲሁ።

ሰው ፊት አዋረደችኝ ብለሃል አሉ። እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ከደብዳቤው ጋር ከአባዬ ታሊም አንዲት መስመር በእጄ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። አንብበህ ደውልልኝ፣ ያን ጊዜ አነሳለሁ። ሳትሳሳት ከተወጣሃት ሳጥኑ ያንተ ነው፤ እማዬን ከላዩ ማስነሳት ግን ያንተ ፋንታ ነው። አባዬ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሊያስተምር ይለፋ የነበረው አንተን ነበር፤ እኔ ጥግ ላይ ክር ስጠቀልል ነው ንባቡን የለቀምኩት። ካቃተህ ደግሞ አትፈር፣ ና። እኔ አስተምርሃለሁ።

እህትህ ሻሚማ
ስሪናገር፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2023